ከቢቸና ወደ ጣና፣ ለአንድ ትሪ ዓሣ

ከመምህርነት ከተሰናበትሁ ወዲህ ጽሑፍ ትቼ ኖሬአለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ በአጭሩ መልሶ ማለፍ ልማዴ ሆኗል፤ ለልጆቼም ቢሆን ብዙ አላወራም። ከዚህ ጉዞ ስመለስ ግን የቢቸና ጎረቤቶቼ አላስቀመጡኝም። አብዛኞቹ ጣናን አላዩትም፤ ዕድሜያቸውንና የመንገዱን ነገር ሳስብ የሚያዩትም አይመስለኝም። ሐይቁ ምን ያህል ይሰፋል፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ዓሣው እንዴት ይሠራል አሉኝ። በአፍ ጀምሬ መጨረስ ስላቃተኝ በጽሑፍ አደረግሁት። ስለ ሐይቁ ውበት የሚፈልግ ሰው ከእኔ ብዙ አያገኝም። የሄድሁት ለመብላት ነው፤ የምጽፈውም ስለ መብል ነው።

አስቀድሜ እንድሪስን ላስተዋውቅ። እንድሪስ የሞጣ ሰው ነው። አባቱም አያቱም በሞጣ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ እርሱም ከዚያው ሱቅ ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ ሞጣ አጎቴ ዘንድ ተቀምጬ ስማር በአንድ ወንበር የተቀመጥን ነን። እኔ በኋላ ቅኔ ቤት ገባሁ፤ ከዚያም በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማርሁ። እርሱ መቀስና ሜትር ይዞ ቀረ። ቅኔ ቤት ከገባሁ ጀምሮ «የኔታ» እያለ ይጠራኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ አሁን ግን ስሜን የሚያስታውሰው አይመስለኝም። በሠርጌ ቆሟል፤ በሠርጉ ቆሜአለሁ። አባቱን ስንቀብር ከመቃብሩ ዳር ነበርሁ፤ እናቴ ስትቀበር እርሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዝናብ እየመታው ጠብቆኛል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሥጋ ከአንድ ዕቃ በልተን አናውቅም። አገራችንን ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እርሱ አይቀምስም፤ በቢስሚላህ የታረደውን እኔ አልቀምስም። በሠርግ ቤት ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት በሬ ይታረዳል፤ ወዳጅና ወዳጅ ከዳስ ወደ ዳስ እየተያዩ ይበላሉ። ማንም በዚህ አይቀየምም። መከባበር የምንለው ይህንኑ ነው።

በሚያዝያ ስልክ ደወለልኝ። ልጆቹ ሱቁን ዘግተው እርሱንና ባለቤቱን አዲስ አበባ ሊወስዷቸው እንደ ወሰኑ፣ ክረምቱ ሳይጠና እንደሚሄዱ ነገረኝ። ለምን አላልሁትም። ባለፉት ዓመታት በሞጣ እስላሞች ላይ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው ለምን አይልም።

«አንድ ነገር ቀርቶናል» አለኝ። «ዓሣ ቢላዋ አይጠብቅም። ከውኃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል፤ የእናንተም አይደል፣ የእኛም አይደል። ከመሄዴ በፊት ጣና ወርደን ከአንድ ትሪ እንብላ።»

እሺ አልሁት። ቀኑን ግን እኔ ልምረጥ አልሁ፤ የአጽዋማት አቆጣጠር የተማርሁት ነገር ነውና። በጾም ወራት ዓሣ የሚበሉ ክርስቲያኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ከእነርሱ አይደለሁም፣ ስለዚህ ጾም የሌለበት ጊዜ ያስፈልገናል። የእርሱ ረመዳን አልፏል። ከትንሣኤ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በዓመት ውስጥ ለሁለታችንም ክፍት የሆነ ጊዜ ይኸው ብቻ መስሎ ታየኝ። ደውዬ ስነግረው፣ «ቅኔ ቤት ያሳለፍኸው ዘመን ዛሬ ጠቀመ» አለኝ። እኔም በሆዴ ኮራሁ።

እሑድ

ቅዳሴ እንደ ወጣ ከቢቸና መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣሁ። ግንቦት ነበር። ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል፤ ነፋሱ አፈሩን እያነሣ በመስኮት ያስገባል። ረዳቱ መስኮቱን ዝጉ ሲል ሙቀቱ ያፍነናል፤ ስንከፍት አቧራው ያለብሰናል። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። «ዘመድ ልጠይቅ» አልኋት። በዚህ ዕድሜ ዓሣ ልበላ ነው የምሄደው ማለት አሳፈረኝ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ጉንደ ወይን ስናመራ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂ ተብሎ የተጫነው ጎማ ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ በሞተር ሳይክል ተጭኖ ጎማ ፍለጋ ሄደ፤ እኛ ከመንገዱ ዳር ፀሐይ ላይ ቀረን። አንድ ገበሬ ከቤቱ ደጃፍ አይቶን መጣና ለሽማግሌዎች ጥላ አለ ብሎ ወሰደን። ጠላ ሰጠን፤ ዳቦ ቆረሰልን። ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን አልጠየቀም። ዛሬ ሰው እንግዳን ሲያይ ከየት ነህ የሚለውን ያስቀድማል፤ ያ ሰው ግን ዝም ብሎ ቀዳልን። ስሙን ስጠይቀው፣ «ምን ያደርግልዎታል አባቴ፣ ይጠጡ» አለኝ። ስሙን ሳላውቅ መለየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሞጣ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እንድሪስ ጉልበቱን እያመመው መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ነበር። ቤቱ እንደ ገባሁ ግድግዳው ባዶ መሆኑን አየሁ፤ ሥዕሎቹና ምንጣፎቹ ወርደው ከጥግ ተጠቅልለዋል። ባለቤቱ ወይዘሮ ዘይነባ ጫማዬን ልታወልቅልኝ ጎንበስ ስትል ከለከልኋት፤ በየጊዜው ትጎነበሳለች፣ በየጊዜው እከለክላታለሁ።

ራት ቀረበ። በዚያ ቤት ሁልጊዜ የሚደረግልኝ ነገር ተደርጎልኛል። ዘይነባ ከዶሮዎቿ አንዷን ይዛ ለክርስቲያን ጎረቤቷ ትሰጣለች፤ ባልዬው ያርዳል፣ ሚስትዬው በራሷ ድስት ትሠራለች፣ ወጡ እንደ ተሸፈነ በአጥር በኩል ይመጣል። ለእንድሪስ የእንቁላል ወጥ በሌላ ሳህን ቀረበለት። ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ ከእኔው፣ እርሱ ከእርሱው በላን።

«ይችን ዶሮ ከጫጩትነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለ እንድሪስ፣ ሳህኔን በአገጩ እያመለከተ። «እህሌን በልታ፣ ቤቴ አድራ፣ መጨረሻ ላይ ወደ አንተ ከዳች።»

«ተው እንጂ፣ እንግዳውን አሳርፈው» አለችው ዘይነባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «የኔታ፣ አዲስ አበባ ጎረቤት የሚባል ነገር አለ ይላሉ?» አለችኝ።

አለ ይላሉ አልኋት። ድስት በአጥር የሚያቀብል ጎረቤት እንዳለ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርሁ።

ሰኞ

ከሞጣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ገባን። ዝቅ ባልን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። በቢቸና የግንቦት ሌሊት ያለ ጋቢ አይታደርም፤ ስለዚህ ጋቢዬን ይዤ ነበር። እንድሪስ ከሚኒባስ ስንወርድ ጋቢውን አይቶ፣ «የኔታ፣ ዓሣውን ልታለብሰው ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጋቢውን ስሸከም በዋልሁ ቁጥር ይህንኑ ይደጋግመው ነበር።

በባሕር ዳር ዓሣ ሞልቷል፤ በየምግብ ቤቱ በር ላይ ሥዕሉ ተሰቅሏል። እንግዲህ ለምን እዚያው አልበላችሁም የሚለኝ ይኖራል። አንድ ሰፊ ቤት ገብተን ተቀመጥን። አስተናጋጁ ሲመጣ እንድሪስ፣ ዓሣው የሚጠበስበት ዘይት ሥጋ የተጠበሰበት እንደሆነና እንዳልሆነ በትሕትና ጠየቀው። አስተናጋጁ ወጣት ነው፤ ጥያቄው አልገባውም። «አባቴ፣ ዘይት ዘይት ነው፤ ንጹሕ ነው» አለው። እንድሪስ አመስግኖ ሻይ አዘዘ። ከዚያ የእስላም ምግብ ቤት ፈልገን ገባን። በዚያም ዓሣ አለ፤ ነገር ግን ምጣዱ የእነርሱ ሥጋ የሚጠበስበት ነው፤ አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። እንድሪስ ፊቴን ብቻ አይቶ፣ «ተነሥ፣ እንሂድ» አለኝ። ያን ቀን ዳቦ በሻይ በላን። ሁለት ሽማግሌ ጣና ዳር ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ሲበሉ ያየን ሰው ምን ይለን እንደ ነበር አላውቅም።

እንድሪስ ግን መላ ነበረው። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ለንግድ የደረሰባት አንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ አለች፤ በዚያች ከተማ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዓሣ ብቻ እንጂ ሌላ አይሠራም ነበር። ምጣዱም ዘይቱም ከዓሣ በቀር ሌላ አያውቅም። እዚያ እንሂድ አለ። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ሰዎቿ ደጎች ናቸው፤ በዚህ ታሪክ ስማቸው እንዲነሣ አልፈልግም።

ያደርንበት ክፍል ማራገቢያው የተበላሸ ነበር። መስኮት ስንከፍት ቢንቢው ገባ፤ ስንዘጋ ላቡ አሰጠመን። ቢቸና ቢንቢ አያውቅም። ነፋሳችንን ስረግም የኖርሁ ሰው በዚያ ቀን ናፈቅሁት።

ማክሰኞ

የጠጠሩ መንገድ ረጅም ነው፤ መኪናውም ያረጀ ነው፤ አጥንታችን ተፈታ። ስንደርስ ሐይቁን አላየሁትም፤ ያየሁት ጭቃ ነው። በግንቦት ውኃው ስለሚሸሽ ከከተማዋ እስከ ውኃው ድረስ የደረቀና የተሰነጠቀ ጥቁር መሬት አለ። ታንኳዎቹ ተገልብጠው ተኝተዋል። መረቦቹ ተጠቅልለው በየአጥሩ ተሰቅለዋል። ትላልቅ ነጭ ወፎች ባዶ ዳርቻ ላይ ቆመው ሰው ሰው ያያሉ።

ምግብ ቤቶቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። «ዓሣ ቤት» የሚለው ጽሑፍ በየበሩ አለ። ከጽሑፉ ሥር ግን የበሬ ሥጋ ተሰቅሏል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሄድን፤ በሁሉም ቤት ሥጋ ነው፤ የተሰቀለ ሥጋ፣ በምጣድ ላይ የሚጮህ ሥጋ። እንድሪስ በየበሩ ቆሞ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ይመለሳል። የመጨረሻዋ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ ትባላለች፤ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ዓሣ እንዳላት ስጠይቃት ሳቀች።

«አባቶቼ፣ በሃምሳው ዓሣ?» አለችን። «በሃምሳው ማን ዓሣ ይበላል? ሰው ሁለት ወር ጾሞ ሥጋ ሲያይ ዓሣ ይፈልጋል? የእኛ ዓሣ የጾም ነው። በዐቢይ ጾም ብትመጡ የምትቀመጡበት አታገኙም ነበር። ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ሰዉ በመኪና እየጎረፈ ነው የሚመጣው። ለትንሣኤ መረቡን እንሰቅላለን፤ ለፍልሰታ ደግሞ እናወርዳለን።»

በተማርሁትና በቀመርሁት አቆጣጠር፣ ዓሣ የማይገኝበትን ወቅት መርጬ ነበር። እኔ ጾም የለበትም ብዬ የመረጥሁት ጊዜ፣ ለዚህች ከተማ ጾም ስለሌለበት ብቻ ዓሣ የሌለበት ጊዜ ነው። ከተማዋን የሚመግባት፣ በጾም ዓሣ ይበላሉ እያልሁ ዕድሜዬን ሙሉ የምተቻቸው ሰዎች መብል ነው። እንድሪስ ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየኝና ግድግዳውን ተደግፎ መሳቅ ጀመረ። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «የኔታ! ቀን ቆጠራህ!» አለ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥሩዬ ነገሩን ስትሰማ ሥጋ አቀረበችልን፤ ወዲያው እንድሪስን አየችና ደነገጠች። «ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ አላስተዋልሁም» አለችው። ምንም እንዳልሆነ ነገራት። ለእርሱ ብላ የሥጋውን ቋንጣ ከጓዳዋ አውጥታ ጎረቤት ቤት አሳደረችው፤ ምሳችንን ሽሮ ሠራችልን፤ ማደሪያም ከራሷ ቤት ጀርባ ያለውን ክፍል ለቀቀችልን። እኛ አገር እንግዳ ተቀባይ ነን እንላለን። ያቺ ሴት ግን ለማታውቀው የሌላ ሃይማኖት ሽማግሌ ጓዳዋን ባዶ አደረገች።

ወንድሟ ስንታየሁ ዓሣ አጥማጅ ነው። ማታ ጠርታው፣ እነዚህ አባቶች ለዓሣ ብለው ከጎጃም ዳር መጥተዋልና መረብ ጣልላቸው አለችው። መረቡ አልተጠገነም፣ በዚህ ወቅት ውኃው ሸሽቷል፣ ደግሞም ነገ እርሻ አለብኝ አለ። እውነቱን ነበር። እንድሪስ ያን ጊዜ፣ እርሱና እኔ የስንት ዘመን ወዳጆች እንደሆንን፣ አገሩን ለቅቆ እንደሚሄድ፣ ሥጋ ከአንድ ዕቃ በልተን እንደማናውቅ ነገረው። ሲናገር ልመና አልነበረበትም፤ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ነበር የሚናገረው። ስንታየሁ አንዴ እርሱን፣ አንዴ እኔን አየ።

«እሞክራለሁ» አለ። «ቃል ግን አልገባም።»

ረቡዕ

ጠዋት ወደ ውኃው ዳር ብቻዬን ወረድሁ። ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠው፤ በአንድ እግሬ ቆሜ ስታገል አንዲት ውኃ ቀጂ መጥታ አወጣችልኝ፣ አጥባም ሰጠችኝ። ስንታየሁ ከታንኳው ሲወርድ ያገኘሁት ያኔ ነው። የያዘው አንድ ዓሣ ብቻ ነበር።

ዓሣው ትልቅ ነው፤ ለሁለት ሰው ይተርፋል። ጥቁር፣ አፈ ሰፊ፣ እንደ ድመት ጢም ያለው። ሰውነቱ የሚያዳልጥ ቆዳ ብቻ ነው፤ ቅርፊት የለውም። አምባዛ ይሉታል። ስንታየሁ ደስ ብሎታል። «ቆሮሶ አልገባም፤ ይኼ ግን ጨዋ ዓሣ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት» አለኝ።

በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ በቤቴም ጠብቄዋለሁ። ዛሬ ብዙ ክርስቲያን አምባዛ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ የጥሩዬ ቤተ ሰብም ይበላል። እኔ ግን በልቼው አላውቅም። ለስንታየሁ እግዚአብሔር ይስጥህ አልሁት፤ ሌላ ምንም አልተናገርሁም። ወደ ቤት ስንመለስ ለእንድሪስም አልነገርሁትም። ቢያውቅ እንደሚተወው አውቄአለሁ። ከተወው ደግሞ ሌላ ዓሣ የለም፣ ሌላ ጊዜም የለም።

ጥሩዬ ምጣዷን ሁሉ ሥጋ ስለነካው ከሸክላ ሠሪ ቤት ምንም ያልተጠበሰበት አዲስ ምጣድ ተውሳ መጣች። አዲስ ዘይት ከፈተች። ሽንኩርቱን በአዲስ ቢላዋ ቆረጠች። ጎረቤቶቿ ነገሩን ሰምተው ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ፤ አንዷ ሎሚ፣ አንዷ ቃሪያ ይዛ መጣች። እኔና እንድሪስ ደጃፉ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠን ቆየን። እርሱ ስለ አባቱ ያወራል፤ በዚህች ከተማ በዚያ ዘመን ስለበሉት ዓሣ፣ አባቱ አጥንቱን እየለቀመ እንዴት ያጎርሰው እንደ ነበር። እኔ እሰማለሁ። በልቤ ግን ከሕጉ ጋር እከራከር ነበር። አንድ ጉርሻ ብቻ ብበላስ? ለማን እናገራለሁ? ንስሐ አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል? ክርክሩ ሳያልቅ ትሪው መጣ።

አንድ ትሪ ነው። ነጭ እንጀራ ተዘርግቶበታል፤ ዓሣው ተቆራርጦ ከመካከል ተቀምጧል፤ ሽታው መላ ደጃፉን ሞልቶ አራት ቀን የደከመ ሆዳችንን አነቃው። ጥሩዬ እጃችንን አስታጠበችን። እርሱ በልቡ የራሱን አለ፤ እኔ በልቤ የራሴን አልሁ። እጄ ከእንጀራው ጠርዝ ላይ ነበረች። ቁራሽ ለመቁረስ ይሁን፣ ለመዘግየት ይሁን፣ እዚያ ነበረች።

እንድሪስ እጁን ሰድዶ አንዱን ቁራጭ አነሣ፤ ሲያገላብጠው ቆየና ቆዳውን አየ። ወደ ስንታየሁ ቀና ብሎ፣ «ልጄ፣ ምን ዓሣ ነው ይኼ?» አለው።

«አምባዛ ነው አባባ። የሰባ።»

እንድሪስ ወደ እኔ አላየም። ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ አነሣና ከራሱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። እጄ ባዶ ገበታ ላይ ቀረች።

«ይኼ የእኔ ድርሻ ነው» አለ። «እኅቴ፣ ለየኔታ የትናንቱን ሽሮ አሙቂላቸው።»

ጥሩዬ ምን አጠፋሁ ብላ ቀረበች። «ምንም አላጠፋሽም፤ እጅሽ ይባረክ» አላት። «ቅርፊት ስለሌለው ለእርሳቸው አይሆንም። ሕጋቸው ነው። እኛ ሞጣ ስናድግ ይህን ከክርስቲያን ልጆች ጋር አብረን ነው የተማርነው፤ ዓሣ ባይኖርም እናውቀዋለን።»

ከደጃፉ አንዲት ሴት፣ «እኛ እንበላዋለን እኮ» አለች በቀስታ፤ ጎረቤቷ በክርኗ ነካቻት።

እንድሪስ በላ። ደጋግሞ ጎረሰ፤ ጣዕሙን አሞገሰ፤ ጥሩዬን መረቀ፤ የስንታየሁን መረብ አወደሰ። ሲበላ ሰው ሁሉ ዘና እንዲል እየቀለደ ነበር። እኔ በሽሮዬ ላይ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ጎን ለጎን ነበርን፤ እርሱ ከእርሱው፣ እኔ ከእኔው። ዓሣው ግን አላለቀም። ከግማሽ በላይ ሲቀር ጠገብሁ ብሎ ለስንታየሁ አቀበለው። እንድሪስ ከምግብ የሚያጎድል ሰው አይደለም።

ሐሙስ

ስንሰናበት ጥሩዬ፣ በሁዳዴ ብትመጡ እኔ ራሴ ባለ ቅርፊቱን ዓሣ፣ ቆሮሶ አስቀምጥላችኋለሁ አለችን። በሁዳዴ እኔ እንደማልበላ፣ እርሱም በዚህ አገር እንደማይኖር ሁለታችንም ስለምናውቅ አመስግነን ብቻ ወጣን።

በጠጠሩ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ ጋቢዬን ሁለታችን ላይ ዘረጋሁት። በዚህ ጊዜ ስለ ጋቢው አልቀለደም። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣

«ትሪውን ባላነሣው ኖሮ ትበላ ነበር?» አለኝ።

ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ነበር። ያልሰማሁ መሰልሁ። እርሱም አልደገመውም። ባሕር ዳር ደርሰን፣ ሌላ መኪና ይዘን፣ አዴትን አልፈን ሞጣ እስክንገባ ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ተነጋገርን።

ዓርብ

ሞጣ አድሬ በጠዋት ወደ ቢቸና ልነሣ ስል ዘይነባ ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ማንም ሊበላው የሚችለው። ደጃፉ ላይ ሳጥኖች ተደርድረው ነበር። እንድሪስ እንደ ሁልጊዜው እያነከሰ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። መኪናው እስኪሞላ ከግድግዳ ሥር ቆምን። ረዳቱ ደብረ ወርቅ፣ ቢቸና እያለ ይጮኻል። ነገሩን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ነበር፤ ይህን ሰው መልስ ሳልሰጠው መለየት ነውር ሆነብኝ።

«እበላ ነበር» አልሁት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀም። ነጠላውን ከትከሻው አስተካክሎ፣

«አውቃለሁ» አለኝ። «ለዚህ ነው ያነሣሁት። እኔ ነገ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ፤ አንተ ያን ተሸክመህ ቢቸና እንድትቀር አልፈለግሁም።»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ገባሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቆሞ ነበር፤ መታጠፊያው እስኪሰውረው ድረስ ዘወር አላለም።

እንድሪስ ሰኔ ሲገባ ሞጣን ለቀቀ። አንዳንድ ጊዜ ይደውላል፤ ስለ ዓሣው አንሥቶ አያውቅም። ወዳጁ ለእርሱ ሲል ሕጉን ሊያፈርስ እንደ ነበር አምኖ ሄዷል፤ በዚህም ደስ እንዳለው ከድምፁ ይታወቀኛል። እኔ ግን ያቺ እጄ ወደ ፊት ትሄድ ነበር ወይስ ወደ ኋላ ትመለስ ነበር፣ አላውቅም። ትሪውን ፈጥኖ አነሣው፤ አሁን የማውቅበት መንገድ የለም።